ያገለገለው ካኖን ማርክ 3 ወይስ ትንሿ ሶኒ 6400?

የእህቴ ልጅ ከሐዋሳ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ትንሽ ብር አጠራቅሜያለሁ" አለኝ። "አንዱ ልጅ ያገለገለ ካኖን ማርክ 3 ካሜራ ይሸጥልኛል። ሌላው ደግሞ ሶኒ 6400 አለው። ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም። የቱን ልግዛ?"

ወዲያው መመለስ አልቻልኩም። በሁለቱም ሠርቻለሁ። ሁለቱም እንጀራ አብልተውኛል። ስለዚህ መጀመሪያ እኔ ጠየቅኩት፦ "ምን ልታነሳበት ነው?" ሠርግና ምርቃት ነው አለኝ። ትንሽ ቆየና "ቲክቶክም እሠራበታለሁ" ብሎ ጨመረ። ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ቀላል እንዳትመስላችሁ።

ለእሱ የነገርኩትን እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። በዚሁ ጥያቄ የሚጨነቁ ብዙ ልጆች አሉ።

ምንና ምን ናቸው?

ካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ 3 እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ዲኤስኤልአር ነው። ያኔ ሌንስ ሳይጨምር 3,499 ዶላር ነበር። ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ሴንሰሩ ፉል ፍሬም የሚባለው ትልቁ ዓይነት ነው፣ 22.3 ሜጋፒክስል። በሌንሱ የገባው ብርሃን ውስጥ ባለው መስታወት ላይ አርፎ ወደ ዓይናችን ይመጣል። ቁልፉን ስንጫን መስታወቱ ይነሳል። "ቀጭ" የሚለው ድምፅ አብዛኛው ከእሱ ነው።

ሶኒ 6400 እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣች ሚረርለስ ናት። ዋጋዋ ያለ ሌንስ 899 ዶላር ነበር። መስታወት የላትም። ብርሃኑ በቀጥታ ሴንሰሩ ላይ ያርፋል። ዓይናችንን በምናስጠጋበት መመልከቻ፣ በቪውፋይንደሯ፣ የምናየውም ትንሽ ስክሪን ነው። ሴንሰሯ 24.2 ሜጋፒክስል ሲሆን በስፋት ከማርክ 3 ሴንሰር ግማሽ እንኳ አይሞላም።

በአዲስነታቸው አራት እጥፍ ገደማ ይበላለጡ የነበሩ ካሜራዎች ዛሬ አንድ ዋጋ አካባቢ የተገናኙት ያለ ምክንያት አይደለም። ካኖንም ኒኮንም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ አዲስ ዲኤስኤልአር አላወጡም። ባለሙያው ወደ ሚረርለስ ሲዞር አሮጌውን ይሸጣል። በእኛ አገር ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አዲስ ካሜራ መግዛት ለጀማሪ በጣም ከብዷል። ስለዚህ ሁላችንም ያገለገለ እንፈልጋለን።

ነጭ ነጠላና ጠይም ፊት

በአገራችን ፎቶ ማንሳት የሚከብደው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጥምቀት ነው፣ ጃን ሜዳ፣ እኩለ ቀን። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሷል። ፀሐዩ ነጠላው ላይ ያንፀባርቃል፤ ፊቱ ደግሞ ጠይም ነው። የካሜራው የብርሃን መለኪያ ነጭ ሲበዛበት ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ፎቶውን ያጨልመዋል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል። ፊቱ ይጠቁራል።

በማርክ 3 ይሄን የምታውቁት ካነሳችሁ በኋላ ነው። በቪውፋይንደሩ የምታዩት ከፊታችሁ ያለውን ሰው እንጂ ፎቶውን አይደለም። ልምድ ያለው ሰው ነጭ ሲያይ ገና ሳያነሳ ብርሃኑን ከፍ ያደርጋል። ጀማሪው ግን ቤቱ ገብቶ ኮምፒውተር ሲከፍት ነው የሚደነግጠው።

በሶኒዋ ፎቶው ምን እንደሚመስል ሳትጫኑ ይታያችኋል። ፊቱ ከጠቆረ ብርሃኑን ትጨምራላችሁ፤ ሲፈካ እዚያው ታዩታላችሁ። ነጠላው ከልክ በላይ ሲነጣ ደግሞ ዜብራ የሚባለው ማሳያ ሰረዝ ሰረዝ እያደረገ ያስጠነቅቃል። የነጠላው ጥለትና ሽመናው እንዳይጠፋ ይሄ ትልቅ እገዛ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የጠቆረን ፊት በኮምፒውተር ለማፍካት ስትሞክሩ የማርክ 3 ፎቶ ጥላው ውስጥ ሰረዝ ሰረዝና ነቁጥ ያወጣል። የዚያ ዘመን የካኖን ሴንሰሮች የታወቀ ድካም ነው። የሶኒዋ ሴንሰር ትንሽ ቢሆንም በደህና ብርሃን ከተነሳ ፎቶ ጥላውን ስታነሱት ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። በሮው፣ ማለትም ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል፣ እስካነሳችሁ ድረስ ማለቴ ነው።

ማታ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጨለማ ሲሆን ከፍ የምናደርገው የብርሃን ስሜት፣ አይኤስኦው፣ 3,200 ወይም 6,400 ሲደርስ የማርክ 3 ትልቁ ሴንሰር ይሻላል። ልዩነቱ የሰማይና የምድር አይደለም፤ ግን ይታያል።

ዓይን መያዝ

ማርክ 3፣ የፎከስ ነጥቦቹ 61 ናቸው። በዘመኑ የሚደነቅ ነበር፤ አሁንም ፈጣን ነው። ችግሩ ነጥቦቹ መሃል ላይ የተሰበሰቡ መሆናቸው ነው። ሙሽሪትን ወደ ዳር አድርጋችሁ ልታነሱ ስትፈልጉ ነጥቡ አይደርስላችሁም። መሃል ላይ ፎከስ አድርጋችሁ ካሜራውን ታዞራላችሁ። በኤፍ 1.8፣ ሌንሱ በጣም ሰፍቶ ሲከፈት፣ ይቺ ትንሽ ዙር ፎከሱን ከዓይን ወደ ጆሮ ትወስደዋለች።

ገና ስጀምር በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ አንዲት ሙሽራ አነሳሁ። በካሜራው ስክሪን ሁሉም ያማረ ነበር። ቤት ገብቼ ሳሰፋው ከሃያዎቹ ፎቶዎች ዓይኗ የጠራው በአምስቱ ብቻ ነው። በሌሎቹ ጆሮ ጌጧ ነበር የጠራው። ያን ቀን መልሼ ላነሳው አልችልም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሶኒዋ 425 ነጥብ አላት፤ የፍሬሙን 84 በመቶ ይሸፍናል። ከዚያም በላይ ዓይንን ራሷ ፈልጋ ትይዛለች። ሰውየው ሲራመድ ትከተለዋለች። እናንተ የሰውን ሁኔታ፣ ፈገግታውን፣ እጁን ታያላችሁ። ለጀማሪ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አላውቅም።

ማርክ 3 እዚህም አንድ ብልጫ አለው። አዳራሹ ጨልሞ ሙሽሮቹ ሲጨፍሩ የካኖን ፍላሽ ቀይ ብርሃን ይልክለትና በጨለማ ውስጥ ፎከስ ይይዛል። ሶኒዋ ያን የፍላሽ ብርሃን አትጠቀምበትም። ከካሜራዋ ጋር በምትመጣው 16-50 ሌንስ ደግሞ ጨለማ ውስጥ ስትፈልግ ትቆያለች። በኤፍ 1.4 ሌንስ ግን ሌላ ካሜራ ትሆናለች።

መብራት ሲጠፋ

ማርክ 3 በአንድ ባትሪ 950 ፎቶ ያነሳል። ሶኒዋ በስክሪን 410፣ በቪውፋይንደር 360 ነው የምታነሳው። ጠዋት ከሙሽራው ቤት ተነስቶ ማታ አዳራሽ ለሚያልቅ ሠርግ ማርክ 3 ሁለት ባትሪ ይበቃዋል። ለሶኒዋ አራት ያዙ።

ነገር ግን ሶኒዋን በዩኤስቢ ገመድ ከፓወር ባንክ መሙላት ይቻላል። መኪና ውስጥ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስትሄዱ ትሞላላችሁ። ሰፈሩ መብራት ጠፍቶበት ከዋለ ግን የማርክ 3 ቻርጀር ሶኬት ብቻ ነው የሚያውቀው። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ለሚሠራ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ክብደት፣ አቧራ፣ ድምፅ

ማርክ 3 ባትሪውን ይዞ 950 ግራም ነው። 24-105 ሌንሱ 670 ግራም ይጨምራል። ፍላሽ ሳይቆጠር ከአንድ ኪሎ ተኩል በላይ አንገት ላይ ይንጠለጠላል ማለት ነው። ሶኒዋ ከነባትሪዋ 403፣ ትንሿ ሌንሷ 116 ግራም። በእጅ ቦርሳ ትገባለች። ላሊበላ ወይም ስሜን ተራራ ለሚሄድ ሰው ጥያቄም የለውም።

አቧራው ላይ ግን ለማርክ 3 አደላለሁ። የሶኒዋን ሌንስ ስትነቅሉ ሴንሰሩ ፊት ለፊት ይታያል። በማርክ 3 መስታወቱና መጋረጃው (ሻተሩ) ከፊቱ አሉ። ሶኒ ከያዛችሁ መንገድ ላይ ሌንስ አትቀይሩ። የግድ ከሆነ አጥፍታችሁ፣ አፏን ወደ መሬት አድርጋችሁ ቀይሩ።

ቅዳሴ ላይ ወይም ለቅሶ ቤት ሶኒዋን ድምፅ አልባ ማድረግ ይቻላል። ማርክ 3 ዝግ ያለ ድምፅ ማውጣት ይችላል፤ ዝም ማለት ግን አይችልም። የሶኒዋን ድምፅ አልባ ሻተር የኤልኢዲ መብራት ባለበት አዳራሽ አትጠቀሙ፤ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ያጋድማል።

ቪዲዮ

እዚህ ብዙ የምለው የለም። ሶኒዋ ፎር ኬ ትቀርጻለች፣ ፊት ትከተላለች፣ ስክሪኗ ወደ ላይ ተገልብጦ ራሳችሁን ያሳያችኋል፣ ፎቶና ቪዲዮ በዋይፋይ ወደ ስልክ ትልካለች። ማርክ 3 ፉል ኤችዲ ነው፤ እየቀረጸ ፎከስ አይከተልም፤ ዋይፋይም የለውም። የሶኒዋ ጉድለት እጅ ሲንቀጠቀጥ አካሏ አለማረጋጋቱና የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ አለመኖሩ ነው። ቪዲዮ የሥራችሁ ግማሽ ከሆነ ማርክ 3ን እርሱት።

ሌንሱ ነው ገንዘቡ

ብዙ ሰው ካሜራውን ገዝቶ ገንዘቡን ይጨርሳል። ለሌንስ የሚተርፈው የለም። ያለ ጥሩ ሌንስ ሁለቱም ከደህና ስልክ ብዙ አይርቁም።

የካኖን ኢኤፍ ሌንስ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ሲመረት ስለኖረ ያገለገለው ሞልቷል። 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 በርካሽ ይገኛል። 85 ኤፍ 1.8ም እንደዚያው ደህና ነው። እኔ በማውቃቸው ልጆች ዘንድ ደግሞ መዋዋስ አለ። "70-200ህን ለቅዳሜ ስጠኝ" ማለት የተለመደ ነው። ጓደኞቻችሁ ሁሉ ካኖን ከያዙ ማርክ 3 ስትገዙ የእነሱን ሌንስም ግማሽ በግማሽ አገኛችሁ ማለት ነው። ይሄ ከየትኛውም የቴክኒክ ቁጥር ሊበልጥባችሁ ይችላል።

ለሶኒዋ የምመክረው ሲግማ 30 ወይም 56 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ነው። 56ቱ በእሷ ላይ የ84 ሚሊ ሜትር እይታ ይሰጣል፤ ለሙሽራ ፊት ያማረ ነው። የካኖን ፍላሽ ያላችሁ ሰዎች ግን እወቁት፤ ሶኒዋ ላይ በማኑዋል ይበራል እንጂ ብርሃኑን ራሱ አይመጥንም።

አንድ ሥጋት አለኝ። ሶኒዋ አንድ ሜሞሪ ብቻ ነው የምትይዘው። ማርክ 3 ሲኤፍና ኤስዲ በአንድ ጊዜ ይይዛል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ። የሰው ሠርግ ሁለት ጊዜ አይነሳም።

ከመክፈላችሁ በፊት

የማርክ 3 ሻተር 150,000 ጊዜ እንዲነሳ ታስቦ የተሠራ ነው። ከሠርግ ፎቶ አንሺ የመጣ ካሜራ ይሄን አልፎ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ከፎቶው ላይ አታገኙትም፤ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በፕሮግራም ማየት ያስፈልጋል። ሻጩ "አያስፈልግም" ካለ ተዉት። የእኔ የመጀመሪያ ማርክ 3 በገዛሁት በአራተኛው ወር ሻተሩ ሄደ። አለማየቴ ነው።

በሁለቱም ላይ ሌንሱን ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ አንሱ። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ ማለት ነው። አቧራ ይጸዳል፤ ጭረት ግን አይጸዳም። ማርክ 3ን ደግሞ የምትገዙትን ሌንስ እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ (ትንሹን የኤፍ ቁጥር መርጣችሁ) የሰው ዓይን አንሱበትና ፎቶውን አስፉት። ፎከሱን ሁልጊዜ ከዓይኑ ፊት ወይም ኋላ የሚይዝ ከሆነ ካሜራው ውስጥ ማስተካከያ አለው።

ሶኒዋ ላይ ሜኑውን ክፈቱ። ለጃፓን ገበያ የተሠራችው ከጃፓንኛ ሌላ ቋንቋ የላትም። ከአሜሪካ የመጣች ከሆነ ኤንቲኤስሲ በሚባለው የአሜሪካ የቪዲዮ ሥርዓት ላይ ትሆናለች። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ወደ ፓል ቀይሯትና ቪዲዮውን በ25 ፍሬም፣ ሻተሩን በ1/50 ቅረጹ። አለበለዚያ አዳራሹ ውስጥ መብራቱ ሲርገበገብ ይታያል።

የእህቴ ልጅ ሶኒዋን ወሰደ። እኔም ያልኩት ያንኑ ነበር፤ ገና ጀማሪ ነው፣ ቪዲዮም ይሠራል፣ ሐዋሳ ሌንስ የሚያውሰው ሰው የለውም። ፎቶ ብቻ ቢሆን ኖሮና እዚህ ከእኛ ጋር ቢሠራ ማርክ 3 እለው ነበር። የተረፈውን ብር 56ቱ ሌንስ ላይ አዋለው። ሜሞሪውን በየፕሮግራሙ እንዲቀይር ነግሬዋለሁ፤ የቤቱን በአንዱ፣ የመስኩን በሌላው፣ የአዳራሹን በሦስተኛው። የመጀመሪያ ሠርጉ ጥር ላይ ነው። እኔም ማርክ 3ዬን ይዤ ሁለተኛ አንሺ ሆኜ እሄድለታለሁ።