ሐዋሳ ላይ መጽሐፍ ለሚወድ፦ ገብርኤል አካባቢ ያለችው መጽሐፍ ቤት

ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሳትርቁ የምታገኟት ጠባብ ሱቅ ናት። አሮጌም አዲስም መጽሐፍ ትሸጣለች፣ ታከራያለች። ልቦለዱና የፈተና መለማመጃው እንደየትኛውም ቤት ነው። እኔን የያዘኝ የሃይማኖት ታሪክ መደርደሪያው ነው።

ከተማችን ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ካቶሊኩም የሞላበት ነው። ክርስቲያን በቁጥር አንሶ ሲኖር ምን እንደሚመስል ብዙም አናስበውም። ባለቤቱ ግን ስለ ግብፅ፣ ስለ ሕንድና ስለ ጃፓን ክርስቲያኖች የተጻፉትን ለይተው አንድ ላይ ደርድረዋቸዋል። «ጋሼ፣ ከየቱ ልጀምር?» ስላቸው የጃፓኑን አወረዱልኝ። እጃቸው ይባረክ!

ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ካቶሊካዊው ሚስዮናዊ ፍራንሲስ ዣቪየር በ1549 ጃፓን፣ ካጎሺማ ገባ። በ1597 ናጋሳኪ ላይ 26 ክርስቲያኖች ተሰቀሉ፣ በ1614 እምነቱ በመላ አገሪቱ ታገደ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሰዎች ቄስ ሳይኖራቸው፣ ጸሎቱን ለልጆቻቸው በቃል እያስጠኑ፣ የማርያምን ምስል የቡድሂስት ምስል አስመስለው እየደበቁ ከ200 ዓመት በላይ ቆዩና በ1865 ናጋሳኪ ውስጥ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ መጥተው ለፈረንሳዊው ቄስ ማንነታቸውን ገለጡ። እዚህ ጋ እንባዬ መጣ። እገዳው የተነሣው በ1873 ነው። ዛሬም ከሕዝቡ 1 በመቶ ገደማ ናቸው፣ ግን በ1875 አንድ ጃፓናዊ ክርስቲያን ኪዮቶ ላይ የከፈተው ትምህርት ቤት ዛሬ ዶሺሻ የሚባለው ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ነው።

የግብፁ ደግሞ እኛኑ ይነካል። ከአባ ሰላማ ጀምሮ በ1951 የራሳችን ሰው ሊቀ ጳጳስ ሆኖ እስኪሾም ድረስ አቡን የምናገኘው ከእስክንድርያ ነበር። በአገሯ አናሳ ሆና ግብር እየከፈለች የኖረች ቤተ ክርስቲያን ለእኛ አቡን ስትልክ መኖሯን እስቲ አስቡት። በጣም ትልቅ ነገር ነው።

ቅር ያለኝም አለ። መጽሐፎቹ ላይ ዋጋ አይጻፍም፣ ሁሌ መጠየቅ ነው። ፎቶ ኮፒ የሆኑትን ገጽ ሳትቆጥሩ እንዳትገዙ፣ አንዱ ላይ መሃሉ ጎድሎብኛል። በዚህ ጉዳይ በአማርኛ የተጻፈውም ጥቂት ነው፣ አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። ለኪራይ ማስያዣ ይጠይቃሉ፣ መጽሐፉን ስትመልሱ ግን ሳይጨቃጨቁ ይሰጧችኋል። ቆሞ ማንበብም አይከለከልም።

ቅዳሜ ከሰዓት ስለሚጨናነቅ ጠዋት ሂዱ። የጃፓኑን ለምትፈልጉ፣ ሰኞ እመልሰዋለሁ።