ጭንቅላት የሌላት ጊታር በሐረጎ መንገድ

ሰርግና ሆቴል የምጫወት ጊታሪስት ነኝ። ቤቴ ደሴ ነው፣ ሥራው ግን ግማሹ ኮምቦልቻ ነው። ስለዚህ ጊታር ልገዛ ስል መጀመሪያ የሚያሳስበኝ ድምፁ አይደለም። ሚኒባስ ውስጥ ይገባል ወይ? እሱ ነው ጥያቄዬ። መድረክ ላይ ጭንቅላት የሌላትን ጊታሬን አይታችሁ "ምንድን ናት?" ላላችሁኝ ሁሉ መልሱ ይኸው።

የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። በቀደም ሸዋ በር አካባቢ አንድ ሰርግ ላይ የሙሽራው አጎት መድረኩ ሥር ድረስ መጡ።

"ልጄ፣ ጊታርህን ምን አገኘው? ተሰበረ እንዴ?"

"አይ አባባ፣ ሲሠራም እንዲህ ነው።"

አላመኑኝም። "አብሽር፣ ይጠገናል" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ወደ ድንኳኑ ተመለሱ።

ላላያችኋት ልግለጻት። አንገቷ ጫፍ ላይ ክር የሚጠመጠምበት ጭንቅላት የለም። አንገቱ እንዳለቀ ጣት የምታህል ብረት ትቀበላችኋለች፣ በቃ። መቃኛዎቹ ወደ ታች ወርደዋል። ክሮቹ ታች ከሚያርፉበት ከብሪጁ ኋላ ስድስት ትንንሽ ክብ ቁልፎች ተደርድረዋል። አካሏ ጠባብ አራት ማዕዘን ስለሆነ ከሩቅ መቅዘፊያ ትመስላለች። ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ80 ሳንቲ ሜትር ታንሳለች፤ የተለመደው ኤሌክትሪክ ጊታር አንድ ሜትር ገደማ ነው። "20 ሳንቲ ሜትር ምን ይፈይዳል?" የሚል ሰው ከደሴ መናኸሪያ በሚኒባስ ዕቃ ይዞ ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው። በድሮው ጊታሬ ጊዜ ረዳቱ "ለሱም ሒሳብ አለው" ይለኝ ነበር። ይቺ ጉልበቴ መሃል ቆማ ትሄዳለች፣ ማንም አያያትም።

የገዛኋት ኮምቦልቻ ውስጥ ከዱባይ ይዟት ከመጣ ልጅ ነው። 28 ሺህ ብር ከፈልኩ። ላይዋ ላይ ስምም የፋብሪካ ምልክትም የለም። ቅጂ ናት። የማን ቅጂ እንደሆነች ግን ጊታር የሚወድ ሰው በአንድ እይታ ይለየዋል። ስታይንበርገር ነው። የዚህን ሰው ታሪክ ካላወራሁ የዚችን ጊታር ደግና ክፉ መናገር አልችልም፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ኔድ ስታይንበርገር ሙዚቀኛ አልነበረም። የቤት ዕቃ ዲዛይነር ነው። ወንበር ነበር ሥራው። አባቱ ጃክ ስታይንበርገር በ1988 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሦስት ሳይንቲስቶች አንዱ ናቸው፤ ቤቱ የማሰብ ቤት ነበር ማለት ነው። ኔድ በ1970ዎቹ ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ እንጨት ሠራተኞች በጋራ የሚሠሩበት ቦታ ገባ። እዚያ ስቱዋርት ስፔክተር የሚባል ሰው ቤዝ ጊታር (ወፍራም ድምፅ ያለውን ባለ አራት ክር ጊታር) ይሠራል። ኔድ ሲያየው ደስ አለውና "እኔ ልንደፍልህ" አለ። በ1977 ነደፈለት። ጀርባው ጎበጥ ብሎ የተጫዋቹ ሆድ ላይ የሚያርፍ ቤዝ ሆነ። ያ ቅርጽ እስከ ዛሬ ይሠራል፣ ይሸጣል።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር አላስተኛው አለ። ቤዝ ጊታር የያዘ ሰው ያውቀዋል። አራቱ መቃኛ ብረቶች የተተከሉት ጭንቅላቱ ላይ ነው። ግራ እጃችሁን ስትለቁት አንገቱ ወደ መሬት ይዘቀዘቃል። ተጫዋቹ ሙሉ ሌሊት በአንድ እጁ ክር እየተጫነ፣ በዚያው እጁ ደግሞ አንገቱን ደግፎ ያድራል። ጊታር ሰሪዎች ይህን ያውቃሉ፤ ለምደውት ነበር። ወንበር ሰሪው ግን አልለመደውም። መቃኛዎቹን ነቅሎ ወደ አካሉ አመጣቸው። ያኔ ጭንቅላቱ ሥራ ፈታ። ቆረጠው።

ይህን ነው የምወድለት። ያልተለመደ ቅርጽ ያላቸው ጊታሮች ከሱ በፊትም ነበሩ። የአሜሪካው ጊታር ፋብሪካ ጊብሰን በ1958 የቪ ፊደል ቅርጽ ያለው ጊታር አውጥቷል። ያምራል፣ ቁጭ ብሎ ለመጫወት ግን መከራ ነው። ያ ቅርጽ ለዓይን ነው የተሠራው። የስታይንበርገር ቅርጽ ከተጫዋቹ ትከሻና ከግራ እጁ ድካም የመጣ ነው።

ሁለተኛው ነገር ዕቃው ነው። እንጨትን ተወው። የካርቦን ክርና ግራፋይት በኢፖክሲ ሙጫ አጣብቆ አንገቱንም አካሉንም ከዚያ ሠራው። ይህ ነገር በጣም ግትር ነው። አይጎብጥም፣ እርጥበት አይጠጣም፣ ብርድና ሙቀት አያጣምመውም። እንጨት አንገት ላይ አንዳንድ ኖታ ቶሎ ይሞታል፤ በተለይ ቤዝ ላይ ያስጠላል። ግራፋይቱ ላይ ሁሉም ኖታ እኩል ይዘልቃል። ንድፉን ለትልልቅ ፋብሪካዎች ሊሸጥ ሞክሮ ገዢ ስላላገኘ በ1980 ከባልደረቦቹ ጋር ስታይንበርገር ሳውንድ የሚባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ቤዙ ኤል 2 ተባለ። በ1981 ታይም መጽሔት ከዓመቱ አምስት ምርጥ ንድፎች አንዱ ብሎ መረጠው። ታዋቂዎቹ ቤዝ ተጫዋቾች ስቲንግና ጌዲ ሊ መድረክ ላይ ይዘውት ወጡ። ባለ ስድስት ክሩ ጊታር ተከተለ፤ ጊታሪስቶቹ ኤዲ ቫን ሄለንና አለን ሆልድስወርዝ ያዙት።

ትራንስትሬም ስለሚባለው የኔድ ትሬሞሎ (የክሮቹን ድምፅ ዝቅና ከፍ የሚያደርግ ዘንግ) ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ተራ ትሬሞሎ ዘንግ ስትጫኑ ስድስቱም ክሮች ይላላሉ፣ ግን እኩል አይላሉም። ስለዚህ ኮርዱ፣ ማለትም አብረው የሚመቱት ድምፆች ስምምነት፣ ይበላሻል። ኔድ እያንዳንዱ ክር በልኩ እንዲላላ አድርጎ ሠራው፤ ኮርዱ እንዳለ ተያይዞ ይወርዳል፣ ተያይዞ ይወጣል። ደግሞም ዝቅ ወይም ከፍ ያለ ድምፅ ላይ መቆለፍ ይቻላል። እስቲ አስቡት። ድምጻዊው ጉሮሮው ተዘግቶ "ዛሬ ዝቅ አድርጉልኝ" ሲል ኪቦርዲስቱ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ይገላገላል፣ እኔ ግን የጣቴን ቦታ ሁሉ እቀይራለሁ። ይህ ሰውዬ ለኔ ነበር ያሰበው።

ኩባንያው በ1987 ለጊብሰን ተሸጠ። አዎ፣ ያቺን ቪ ለሠራው ለጊብሰን። የግራፋይቶቹ ምርት በ1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ቆመ። ስሙ ግን ስፒሪት በሚባሉ ከእንጨት በሚሠሩና ዋጋቸው ቀለል ባለ ጊታሮች ላይ ቀጠለ። ኔድ ራሱ ሌላ ድርጅት ከፍቶ ኤሌክትሪክ ቫዮሊን፣ ቼሎና ቁም ቤዝ ወደ መንደፍ ሄደ።

አሁን ወደ ቅጂዋ።

ሚዛኗ ግሩም ነው። ማንጠልጠያውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ሁለቱንም እጄን ስለቅ እዚያው ትቆማለች። ከማታ እስከ ሌሊት ስጫወት አድሬ ግራ ትከሻዬ አይቆረጥምም። የኔድ ሐሳብ በቅጂ በቅጂ አልፎ እኔ ጋ የደረሰው በዚህ ነው። ቁጭ ብሎ መጫወት ግን ሌላ ነገር ነው። አካሏ ጠባብ ስለሆነ ጭን ላይ የሚያርፍ ነገር የላትም፣ ትንሸራተታለች። ኦሪጅናሉ ላይ ለዚህ ተብሎ የሚታጠፍ የእግር መደገፊያ ነበረ። ቅርጹን የቀዱት ሰዎች መደገፊያውን ረስተውታል። ቤት ስለማመድም ማንጠልጠያ አድርጌ ነው የምቀመጠው።

አንገቷ እንጨት ነው። እዚህ ላይ ነው ጣጣው። ደሴ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች። በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድና የሐረጎ ጠመዝማዛ አለ። ከደሴ ጃኬት ለብሼ እነሳለሁ፣ ኮምቦልቻ ስወርድ ሸሚዜን እሰበስባለሁ። ጊታሯም እንደኔው ነች። አንገቷ ትነቃነቃለች፤ በተለይ ወፍራሞቹ ክሮች ይላላሉ። ክር ብረት ስለሆነ ሙቀት ማላላቱ ግራፋይት ላይም አይቀርም። አንገቱ ራሱ ሲንቀሳቀስ ግን ፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) ላይ ያለው ድምፅ ሁሉ አብሮ ይዛባል፤ መቃኘት ብቻውን አያድነውም። ደግሞ ወሎ ነው ያለነው። ባቲና አምባሰል በሰፈራችን ስም የሚጠሩ ቅኝቶች ናቸው። ኮምቦልቻ ሰርግ ላይ ከባቲ የመጣ እንግዳ አይጠፋም፤ እሱ ፊት ባቲን አዛብቶ መጫወት ነውር ነው። ስለዚህ ቀድሜ እደርሳለሁ። ከቦርሳዋ አውጥቼ አየሩን እስክትለምድ አስቀምጣታለሁ፣ ሻይ እጠጣለሁ፣ ከዚያ እቃኛታለሁ።

ሲቃኙ ደግሞ መቃኛዎቹ ይነጫነጫሉ። የኔድ ንድፍ ክሩን አይጠመጥምም፤ ጥርስ ባለው ብሎን ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ ይስባል። ሲጠመጠም የሚፈጠረው መንሸራተት ቀረ ማለት ነው። ቅጂዋም እንደዚያው ናት፣ ብሎኖቿ ግን በደንብ አልተፋቁም። ሦስተኛው ክር ላይ ያለው ቁልፍ እንቢ ይልና እንቢ ይልና ድንገት ይፈተለካል። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጠብታ አድርጌበት ተሻለው። አልዳነም፣ ተሻለው።

ክር ላይ ግን ቅጂዋ ትበልጣለች። ኦሪጅናሎቹ በሁለቱም ጫፍ ኳስ ያለው ልዩ ክር ነው የሚፈልጉት። እሱ ካለ ምን የመሰለ ነገር ነው፤ አንዱን ጫፍ ላይ፣ አንዱን ታች ሰክቶ ቁልፉን ማዞር ብቻ። ችግሩ ደሴ ውስጥ ይህን ክር ጠይቁና የሻጩን ፊት እዩ። ይቺ ተራውን ክር ትቀበላለች። ባለፈው ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ውስጥ እረፍት ሰዓት ላይ አንደኛው ክር ተበጠሰ። ባለ ስድስት ጎኗን ትንሽ ቁልፍ አወጣሁ፣ ጫፉ ላይ ያለችውን ብሎን አላላሁ፣ የተበጠሰውን መዝዤ ጣልኩ። አዲሱን ኳሱን ከታች ሰካሁ፣ ሌላውን ጫፍ በብረቷ ቀዳዳ አሳለፍኩ። ከዚህ በኋላ ነው ዘዴው። የታችኛው መቃኛ የሚሄደው ትንሽ መንገድ ነው። ክሩን ላላ አድርጎ የቆለፈ ሰው ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዙሮም ድምፁ አይደርስለትም። ስለዚህ በፒንሳ ወጥሬ ይዤ፣ በሌላው እጄ ብሎኗን አጠበቅሁ፣ ትርፉን ቆረጥኩ። ኪቦርዲስታችን ማኪያቶውን ሳይጨርስ ተመለስኩ። ያቺን ቁልፍ ከቤት ቁልፌ ጋር አስሬያታለሁ። እሷ ከጠፋች ጊታሩ አለቀለት።

ድምፅ። አንገቱ በኩል ያለው ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ሞቅ ያለ ነው፤ ትዝታ ላይ ኖታውን ያዝ አድርጋችሁ ስታንቀጠቅጡት ደስ ይላል። ብሪጁ በኩል ያለው ቀጭንና ጯሂ ነው፣ ቺክቺካ ላይ ብቻ እጠቀምበታለሁ። መብራት ጠፍቶ በጀነሬተር ስንጫወት ሁለቱም ይጮኻሉ። ስታይንበርገር የተጠቀመው ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ድምፅ የማያንባርቅ ኢኤምጂ የሚባል ፒክአፕ ነበር። የኔዋ ምንም የላትም። ኬብሉን ወዲያ ወዲህ አድርጌ፣ ከአምፑ ዘወር ብዬ ቆሜ እገላገላለሁ።

ከ10 ስንት ትሰጣታለህ ካላችሁኝ፣ እንደ መንገደኛ ጊታር 8፣ እንደ ስቱዲዮ ጊታር 5። መኪና ያለው፣ አንድ ከተማ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ሰው በዚሁ ብር ጥሩ ያገለገለ ባለ ጭንቅላት ጊታር ይግዛ። ሐረጎን በሚኒባስ የምትመላለሱ ግን አስቡባት።

ልትገዙ ስትሄዱ ስድስቱንም መቃኛዎች እስከ መጨረሻ አዙራችሁ መልሱ። የሚንጫጭ ካለ ከዋጋው አስቀንሱ። የጫፏን ብሎኖች ጥርስ በስልካችሁ መብራት እዩ፤ ጥርሱ የተበላ ብሎን መለዋወጫው እዚህ አይገኝም። ትንሿን ቁልፍ ሳትቀበሉ ብር እንዳትቆጥሩ። ሻጩ "የ80ዎቹ ኦሪጅናል ናት" ብሎ ዋጋ ከሰቀለባችሁ ደግሞ አንገቷን ገልብጡና እዩት። የእንጨት መስመር ካያችሁ፣ ፈገግ ብላችሁ ከ28 ሺህ ወደ ታች ጀምሩ።