እግር ሲጎዳ የትኛው ምርመራ ይቅደም? ራጅ፣ ሲቲ ስካን፣ ኤምአርአይና አልትራሳውንድ ሲነጻጸሩ

በደሴ ቁልቁለት እግሩ የታጠፈበት ወይም በኮምቦልቻ መንገድ ባጃጅ እግሩ ላይ የወጣበት ሰው ከሁሉ ውድ የሆነውን ምርመራ ቢመኝ አይፈረድበትም፤ ምርጫውን የሚወስነው ግን የተጠረጠረው የጉዳት ዓይነት ነው።

ከመሣሪያ ሁሉ በፊት የሐኪም እጅ ይቀድማል። በካናዳ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመው የኦታዋ መመሪያ እንደሚለው፣ የእግሩ መሐል (በቁርጭምጭሚቱና በጣቶቹ መካከል ያለው ክፍል) የሚያመው ሰው ከትንሿ ጣት ወደ ኋላ በሚዘረጋው ረጅም አጥንት መነሻ ወይም በውስጠኛው ጎን ባለው ናቪኩላር አጥንት ላይ ሲጫኑት ካመመው፣ አለዚያም ጉዳቱ እንደደረሰም በምርመራው ሰዓትም አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ራጅ ይነሣል። ከነዚህ አንዱም ካልታየ ስብራት የመኖሩ ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው። በስኳር ሕመም እግሩ የደነዘዘ ሰው ግን ሕመሙን ላይሰማው ስለሚችል በዚህ መመሪያ ብቻ መተማመን የለበትም።

ራጅ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ለእግር የሚያስፈልገው ጨረርም በጣም ጥቂት ነው። ከሦስት አቅጣጫ በአግባቡ ከተነሣ አብዛኛውን ስብራት ያሳያል። ትልቁ ድክመቱ የእግር መሐል ላይ ነው፦ አጥንቶቹን የሚያያይዘው ጅማት ተበጥሶ እያለ ተኝቶ የተነሣ ራጅ ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይህ ጉዳት ከታለፈ እግሩን ለዘለቄታው ሊያሽመደምድ ስለሚችል፣ ውስጥ እግሩ የበለዘ ሕመምተኛ መቆም ከቻለ ሁለቱም እግሮቹ በቁሙ ጎን ለጎን እንዲነሡለት ሐኪሙን አጥብቆ ይጠይቅ።

ጥርጣሬው ከቀጠለ፣ ወይም ሰውየው ከጣሪያና ከዛፍ ወድቆ ተረከዙ ከተሰበረ፣ ሲቲ ስካን (ከብዙ አቅጣጫ በራጅ ተነሥቶ በኮምፒውተር የሚቀናበር ምስል) የስብራቱን ቅርጽ ለቀዶ ሐኪሙ አጥርቶ ያሳያል፤ እንዲህ የወደቀ ሰው ወገቡም መታየት አለበት። ኤምአርአይ (በማግኔት ኃይል የሚነሣ ምስል) ጅማትንና ራጅ ያልያዘውን ስውር ስብራት ያለ ጨረር ያሳያል፤ ለተራ ወለምታ በመጀመሪያው ቀን መክፈል ግን በእኔ እምነት ከንቱ ወጪ ነው፤ ሕክምናውን እምብዛም አይለውጠውምና።

ለገጠሩ ሰው የሚጠቅመው አልትራሳውንድ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ብርጭቆና ብረት በራጅ ይታያሉ፤ ተሰብሮ የቀረ እሾህና የእንጨት ስንጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ በራጅ አይታይም፣ በአልትራሳውንድ ግን ሊገኝ ይችላል። የተረከዝ ጅማት መበጠስም በዚሁ ይለያል፤ ውጤቱ ግን በባለሙያው ልምድ ላይ የተመሠረተ ነው።

ስብራት አለመኖሩ ሳይረጋገጥ በወጌሻ አይታሽ። አጥንቱ ቆዳ ከበሳ ወይም እግሩ ከቀዘቀዘና ከገረጣ ምርመራ ሳይመርጡ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይገባል። ከወልዲያ ወይም ከላሊበላ ወደ ደሴ ሪፈር የተጻፈለት ሰውም የተነሣውን ራጅ ይዞ ይሂድ፤ ለአንድ ምርመራ ሁለት ጊዜ ከመክፈል ሊድን ይችላል።