ድሬዳዋን በኮንትራት ባጃጅ፦ አንድ ቀን ሙሉ ይዤ ያየሁት

ባለፈው ወር ለሥራ ድሬዳዋ ሄጄ አንድ ትርፍ ቀን ነበረኝ። ባጃጅ ኮንትራት ያዝኩ። ሆቴል በር ላይ ቆሞ ካገኘሁት ልጅ ጋር ዋጋ ተነጋገርን። ስንት እንደከፈልኩ አልጽፍም፣ በነዳጁ ሁኔታ ስለሚለዋወጥ። ብቻ ሳትነሱ በፊት ቁርጥ አድርጉት።

ጉዞውን ከባቡር ጣቢያው፣ ከለገሃር ጀመርን። ይሄን የመረጠው እሱ ነው፣ ልክም ነበር። ድሬ ከባቡሩ የተወለደች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር መግባት ነበረበት፣ ግን ተራራው አላስወጣውም፣ ስለዚህ በ1895 ዓ.ም እታች ሜዳው ላይ ቆመ፣ ጣቢያው ባለበትም ከተማ በቀለ። መጀመሪያ ላይ «አዲስ ሐረር» ይሏት ነበር። ከለገሃር ወደ ከዚራ ሰፈር ስትገቡ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው። ዛፉ ከላይ ተገጣጥሞ ጥላ ይሠራል፣ የድሮ የምድር ባቡር ቤቶች በረንዳቸው ሰፊ ነው። ባጃጁ እዚህ ዝግ ሲል ነፋሱ ፊት ላይ ይመጣል። በታክሲ መስኮት ይሄ አይገኝም።

ከዚያ ደቻቱ። ወንዝ ነው ይባላል፣ እኔ ያየሁት ግን ደረቅ አሸዋ ነው። ልጁ ድልድዩ አጠገብ ሞተሩን አጠፋና ዝም አለ። ከዚያ ስለ ሐምሌ 1998 ዓ.ም ጎርፍ ነገረኝ። ሌሊት ነው የመጣው። ከላይ የሐረርጌ ደጋ ላይ የጣለው ዝናብ ወርዶ ተኝቶ የነበረውን ሰው ወሰደ። ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። የድሬን አቀማመጥ የገባኝ እዚያ ነው፦ ከተማዋ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ተራራ ሥር ተቀምጣለች፣ እላይ የዘነበው ሁሉ በእሷ ላይ ነው የሚወርደው፣ እሷ ዘንድ ጠብታ ባይጥል እንኳ። ይህን ታሪክ ሳያቻኩል ስለነገረኝ በጣም አመሰግነዋለሁ።

ከወንዙ ማዶ ያለው ሰፈር መጋላ ነው። ጠባብ ቅያስ፣ ግንብ፣ ጫጫታ። ለባጃጅ የተሠራ ይመስላል። ቀፊራ ገበያ ላይ ልጁ ከአንዷ ሻጭ ጋር በኦሮምኛ፣ ከሌላዋ ጋር በሶማልኛ፣ ዞሮ ከእኔ ጋር በአማርኛ ሲያወራ ትንፋሽ እንኳ አልወሰደም። «አቦ፣ እዚህ ሁሉም እንዲህ ነው» አለኝ። በ1999ኙ ቆጠራ መስተዳድሩ 341,834 ሰው ነበረው፤ 46 ከመቶ ገደማ ኦሮሞ፣ 24 ሶማሌ፣ 20 አማራ። ያ ቁጥር ዛሬ አርጅቷል፣ ከተማዋ በሳቢያን ሰፈር በኩል ምን ያህል እንደተለጠጠች በዓይን ይታያል። ግን ቁጥሩን አንብቤ ያልገባኝ ነገር ቀፊራ ላይ በአምስት ደቂቃ ገባኝ።

ቅሬታም አለኝ። ኮንትራቱ «ሙሉ ቀን» ተብሎ ነው የተስማማነው፣ እሱ ግን ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ጠፋ፣ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ተመለሰ። በዚያ ሙቀት ሱቁም ሰዉም ስለሚያርፍ እረፍቱን አልነፍገውም። ቀድሞ ቢነግረኝ ግን ምሳዬን በልቼ እተኛ ነበር እንጂ ፀሐይ ላይ ቆሜ ስልክ አልደውልም ነበር። ሁለተኛ፣ ሽቅብ ተራራው ላይ ወዳለው ደንገጎ ውሰደኝ ስለው «አይችልም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ዳገቱ ከባድ ነው፣ ግን ስንዋዋል «የትም እወስድሻለሁ» ነበር ያለኝ። የኋላ ወንበሩም ስፖንጁ አልቋል፣ ማታ ወገቤን ይዤ ነው የተኛሁት።

ያም ሆኖ ደግሜ እይዘዋለሁ። ማታ ሲመልሰኝ ሳልጠይቀው ፈጢራ (ስስ የተጠበሰ ቂጣ) ቤት አቁሞ «ይሄን ሳትበዪ አትሄጂም» አለ፣ ሒሳቡንም እኔ እንድከፍል አልፈቀደም።

የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ውጡ፣ ውሃ ያዙ፣ የከሰዓቱን እረፍት ከዋጋው ጋር አብራችሁ ተነጋገሩ። ድሬዳዋ ውስጥ ብዙ የገጠር ቀበሌም አለ፣ በቆጠራው ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ የሚኖረው እዚያ ነበር። ባጃጅ እዚያ አያደርስም። በሚቀጥለው ለእሱ መኪና እይዛለሁ።