«ፑራና ማንዲር» ወይስ «ብሁት»?

የህንድ ፊልም ሲባል ዘፈንና ለቅሶ ብቻ ትዝ ለሚላችሁ፣ ለዛሬ ማታ ሁለት አስፈሪ ፊልሞች አሉ።

«ፑራና ማንዲር» እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ የራምሴ ወንድማማቾች ሥራ ነው። ወንድማማቾቹ ሰባት ነበሩ። አንዱ ካሜራ ይይዝ፣ አንዱ ድምፅ ይቀዳ፣ ሁለቱ ያዘጋጁ ነበር። የቤተሰብ ሱቅ በሉት። ታሪኩ ላይ ሳምሪ የሚባል ጭራቅ አንገቱ ይቆረጣል። ጭንቅላቱ ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል፣ ገላው ለብቻው ይቀበራል። ሳጥኑን የሚከፍት ሞኝ መቼም አይጠፋም! ሳምሪን የተጫወተው አኒሩድ አግራዋል የተማረው ምህንድስና ነው። ያ ቁመትና ያ ረጅም ፊት ግን ጭራቅ አደረገው። እዚያው ቀረ ማለት ይቻላል፤ በ1990 «ባንድ ዳርዋዛ» ላይም ጭራቅ ነው። መሃል ላይ ቀልድና ዘፈን ሲገባ ፍርሃቱ ይቀዘቅዛል። እኔ ግን ያንን ድብልቅልቁን ነው የምወደው።

የአዘጋጁ የራም ጎፓል ቫርማ «ብሁት» (2003) ሌላ ዓለም ነው። መቃብር የለም፣ ጭጋግ የለም፣ ዘፈንም የለም። ባልና ሚስት ሙምባይ ውስጥ ፎቅ ላይ ቤት ይይዛሉ፤ በቃ። ሊፍቱ፣ በረንዳው፣ ሌሊት ላይ ባዶው ሳሎን ያስፈራል። ሚስቲቱን የተጫወተችው ኡርሚላ ማቶንድካር ከዚያ በፊት «ራንጊላ» በሚባለው ፊልም ጭፈራዋ ነበር የምትታወቀው። እዚህ መንፈስ ሲገባባት ዓይኗ ብቻ ይበቃል። ፊልምፌር ከሚባለው የህንድ ፊልም ሽልማት የሃያሲያኑን አግኝታበታለች።

ከጓደኞች ጋር ከሆናችሁ ሳምሪን ክፈቱ። ብቻችሁን፣ ያውም ኮንዶሚኒየም ላይኛው ፎቅ ከሆናችሁ፣ «ብሁት»ን በቀን እዩት።