«መጽሐፋችሁ ተመርጧል» ብለው ሲደውሉላችሁ ገንዘብ እንዳትልኩ

አሜሪካ ውስጥ የአማርኛ መጽሐፍ የምታሳትሙ ወገኖቼ፣ በተለይም እንደ እኛ በሁለት ሰው ጉልበት የምትሠሩ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ። ባለፈው ዓመት መጽሐፋችሁን በጉባኤ ላይ አሳያለሁ ለሚል ድርጅት የከፈልነውን 1,620 ዶላር ውሃ በላው። ያው ድርጅት ሰሞኑን ለሁለት ለማውቃቸው ደራስያን መደወሉን ስሰማ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ስልኩ የተደወለልኝ ሁለት የልጆች ተረት መጻሕፍት ባወጣን በወሩ ነበር። የደወለችው ሴት መጻሕፍቱ በአንድ ትልቅ የቤተ መጻሕፍት ጉባኤ ላይ እንዲታዩ «ተመርጠዋል» አለችኝ። ለአንዱ መጽሐፍ 900 ዶላር ነው፤ በካርድ መክፈሉን ትቼ በባንክ ከላክሁ 10 በመቶ ይቀነስልኛል። ድንኳን ይኖራል፣ ካታሎግ ይታተማል፣ መጽሐፉን የወደዱ ባለሙያዎች ስም ዝርዝርም ይላክልኛል። ያመንኋት ያለ ምክንያት አልነበረም። ሲያትልም ሆነ ዋሽንግተን ዲሲ ያሉ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የአማርኛ መጻሕፍት ይይዛሉ። ልጆቻቸው ፊደል እንዲቆጥሩ የሚጓጉ ወላጆችም አዲስ ነገር አላችሁ ወይ እያሉ ይጠይቁናል። ጉባኤውም እውነተኛ ነው፤ አዘጋጆቹን አልወቅስም። ተንኮሉ ያለው መሐል ገብቶ ቦታ በሚቸረችረው ድርጅት ዘንድ ነው።

በጉባኤው ሁለተኛ ቀን መግቢያ ከፍዬ ራሴ ሄድሁ። መጻሕፍቱን ያገኘሁት ተንበርክኬ ነው። በታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ስለ ስኳር በሽታና ስለ ጡረታ ቁጠባ በተጻፉ መጻሕፍት መካከል፣ ጀርባቸው ብቻ እየታየ ተሸጉጠዋል። አንደኛው ተዘቅዝቋል። ፊደሉን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ላዩን ከታቹ የለየ አልተገኘም። አቃናሁት። ካታሎጉን ስገልጥ ደግሞ ርእሳችን ሊጻፍ በሚገባው ቦታ ላይ ባዶ አራት ማዕዘኖች ተደርድረዋል፤ የግዕዝ ፊደል በሌለው ኮምፒውተር አዘጋጅተው፣ ሳያዩት አትመውታል። ሠዓሊያችን ለዚያ ሽፋን አንድ ክረምት ሙሉ ደክማለች። አንጀቴ አረረ።

የተላከልኝ ዝርዝር 43 ስም ነበረው። ለሁሉም ጻፍሁ፤ ስድስት ሰዎች መለሱልኝ። መጽሐፋችንን ያየ ግን አንድም አልነበረም፤ በዕጣ የሚሰጥ ቦርሳ ለማግኘት አድራሻቸውን ጽፈው ያለፉ ናቸው። ከእነርሱ አንዲት የልጆች ክፍል ባለሙያ፣ እግዚአብሔር ይስጣትና፣ ደውላ ሦስት ነገር ጠየቀችኝ፤ በየትኛው አከፋፋይ በኩል ማዘዝ እንችላለን? ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉን የሚመዘግቡበት የካታሎግ መረጃ ተዘጋጅቷል? የመጽሐፍ ግምገማ ወጥቶለታል? ለአንዱም መልስ አልነበረኝም። ቤተ መጻሕፍት በአብዛኛው የሚገዙት ውል ካላቸው አከፋፋይ ነው፤ መደርደሪያ ላይ አይተው ቢወዱት እንኳ ማዘዣ መንገድ ከሌለው ይተዉታል።

ያን ሁሉ ገንዘብ ከመላኬ በፊት ባውቀው ኖሮ የምለው ብዙ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ያለው ትልቁ የአሜሪካ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት፣ መጽሐፍ የሚመዘገብበትን የካታሎግ ቁጥር አሜሪካ ውስጥ ላለ አሳታሚ በነጻ ይሰጣል፤ ነገር ግን መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ማመልከት ያስፈልጋል። የአማርኛ ርእስ በአሜሪካ ካታሎጎች ውስጥ በላቲን ፊደልም ስለሚመዘገብ፣ ለዚሁ የተዘጋጀውን ሠንጠረዥ ተከትላችሁ አጻጻፉን ራሳችሁ አዘጋጁ፤ ያለበለዚያ አንባቢ ፈልጎ ያጣዋል። የቤተ መጻሕፍት ካርድ ያላቸው ወላጆችም በብዙ ከተሞች «ይህ መጽሐፍ ይገዛልን» ብለው በነጻ መጠየቅ ይችላሉ። አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ናይሮቢ ባለው ቢሮው በኩል የኢትዮጵያ ኅትመቶችን ከፍሎ ይሰበስባል። ከፋዩ እርሱ ነው።

ገንዘቡ እንዲመለስልኝ ሦስት ጊዜ ጻፍሁ። «መጽሐፉ ታይቷል፣ አገልግሎቱ ተሰጥቷል» የሚል አንድ መስመር መለሱልኝ። በባንክ የላክሁት ስለሆነ ባንኩም ሊረዳኝ አልቻለም፤ በክሬዲት ካርድ ከፍዬ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ክፍያውን ለመቃወም በር ነበረኝ። ያ የ10 በመቶ ቅናሽ ለምን እንደተሰጠኝ የገባኝ ያኔ ነው።

ከተደወለላቸው ደራስያን አንዱ በምክሬ መሠረት መጽሐፉ በየትኛው መደርደሪያ እንደሚቀመጥ፣ ፊቱ ይታይ ወይም ጀርባው፣ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡለት ጠየቃቸው። እስከ ዛሬ መልስ አልሰጡትም።