ኤአይኦኤችቲቲፒ፦ ፈጣን ላይብረሪ፣ የላላ ገደብ

በፓይተን ከብዙ ድረ ገጾች መረጃ የሚሰበስብ ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው ኤአይኦኤችቲቲፒ የተባለው ነጻ ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የቀረበ የኮድ ስብስብ) ሊሞከር የሚገባው ነው፤ አብረውት የሚመጡት ቅንብሮች ግን እንዳሉ ሊተዉ አይገባም። ላይብረሪው የቆመው እ.ኤ.አ. በ2014 ከፓይተን 3.4 ጋር በመጣውና ብዙ ሥራዎችን ጎን ለጎን ለማስኬድ በሚያስችለው አሲንክአይኦ ላይ ሲሆን፣ በዓመቱ ፓይተን 3.5 «አሲንክ» እና «አዌይት» የሚባሉትን ትእዛዞች ሲጨምር ኮዱ ለማንበብ የሚመች ሆኗል።

ብዙዎቻችን የለመድነው ሪኩዌስትስ የተባለው ላይብረሪ አንድ ጥያቄ ልኮ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ፕሮግራሙን ስለሚያስቆም፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሰከንድ የሚፈጁ 40 ገጾች 40 ሰከንድ ይወስዳሉ። በኤአይኦኤችቲቲፒ ግን ኢቨንት ሉፑ (ሥራዎቹን በየተራ የሚያስኬደው ክፍል) የአንዱን መልስ እየጠበቀ ሌላውን ስለሚልክ፣ ጠቅላላው ጊዜ ከሁሉም ወደዘገየው ገጽ ይጠጋል፤ ያውም በአንድ ትሬድ (የሥራ መስመር) ብቻ። ሰርቨሩ ባሕር ማዶ ለሆነበት የአዲስ አበባ ፕሮግራመር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። መስመሩ ራሱ ከጠበበ ግን የትኛውም ላይብረሪ አያሰፋውም።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከገደቡ ነው። አንድ ክላይንትሴሽን (ጥያቄዎቹ የሚላኩበት መሣሪያ፣ በአጭሩ ሴሽን) ቅንብሩ ካልተቀየረ በአንድ ጊዜ እስከ 100 ኮኔክሽን ይከፍታል፤ ለየሰርቨሩ የተለየ ጣሪያ ግን የለውም። አድራሻዎቹ ሁሉ የአንድ ሰርቨር ከሆኑ መቶውም ጥያቄ በአንድ ደጅ ላይ ይወርዳል፤ ደካማው ሰርቨር ይወድቃል፣ ጠንካራውም ያግድዎታል። ለአንድ ሰርቨር የሚከፈቱትን ኮኔክሽኖች የሚወስነውን «ሊሚት ፐር ሆስት» የሚለውን ወደ 5 ዝቅ ማድረግ መፍትሔ ይመስላል፤ ሆኖም የጥያቄው ጠቅላላ ታይምአውት (የጥበቃ ጊዜ ገደብ) 5 ደቂቃ ሲሆን፣ ቆጠራው ክፍት ኮኔክሽን በመጠበቅ የሚያልፈውንም ጊዜ ይጨምራል። በሺህ የሚቆጠሩ ጥያቄዎችን ብዙ ሥራዎችን በአንድ ላይ በሚያስጀምረው «ጋዘር» የለቀቀ ሰው፣ ገና ከኮምፒውተሩ ያልወጡ ጥያቄዎች «ጊዜው አልፏል» እየተባሉ ሲወድቁ ያያል፤ ጥፋቱንም በከንቱ ከሰርቨሩ ላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ጥያቄው ከመጀመሩ በፊት በአሲንክአይኦ ሴማፎር (በአንድ ጊዜ የሚያልፉትን ቁጥር በሚገድበው መሣሪያ) ተራ ማስያዝ ይሻላል።

ሌላው፣ ሰርቨሩ 404 (ገጹ አልተገኘም) ወይም 500 (የሰርቨር ስሕተት) ቢመልስ ላይብረሪው ስሕተት ብሎ አይጮኽም፤ ሴሽኑ ሲከፈት እንዲህ ያለውን መልስ እንደ ስሕተት የሚያስቆጥረው «ሬይዝ ፎር ስታተስ» ካልበራ የስሕተት ገጹ እንደ ደኅና መረጃ ተቆጥሮ ዳታቤዝ ውስጥ ይገባል። ለየጥያቄው አዲስ ሴሽን መክፈትም የተከፈተውን ኮኔክሽን መልሶ የመጠቀም ጥቅምን ያስቀራል። ፕሮግራሙን ለጊዜው የሚያስቆመውን «ታይም ስሊፕ»ን በኮሩቲን (በ«አሲንክ» በተጻፈ ፈንክሽን) ውስጥ መጻፍ ደግሞ ሉፑን ከነሥራው ያስቆመዋል፤ የአሲንክአይኦው «ስሊፕ» የተሠራው ለዚሁ ነው።

ጥያቄዎቹ ጥቂት ከሆኑ ሪኩዌስትስ ይበቃል። የድረ ገጽ መገናኛ ደንብ ሁለተኛ ስሪት የሆነው ኤችቲቲፒ 2 የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ይህን የማይደግፈውን ኤአይኦኤችቲቲፒን ትቶ ኤችቲቲፒኤክስ የተባለውን ላይብረሪ ቢመርጥ ይሻለዋል፤ የእርሱ ታይምአውትም ካልተቀየረ 5 ሰከንድ ነው።